ለእማማ ሉባባ የተሠራ አንድ ክፍል

ለውጭ ድራማ የአማርኛ ድምፅ ለመስጠት የተቀጠርኩ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መተንፈስ ነበር። መናገር አይደለም፣ መተንፈስ። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ቪላ ውስጥ፣ የቀድሞው ባለቤት ልብሱን ይሰቅልበት የነበረው ጠባብ ክፍል ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ ተለብዶ ስቱዲዮ ሆኗል። እዚያ አስገቡኝ፣ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፉብኝ፣ በስክሪኑ ላይ አልጋ ላይ የተዘረጋች አንዲት የቱርክ አሮጊት አሳዩኝ። "ሴትዮዋ ራሷን ስታለች። እንደሷ ተንፍሺ" አለኝ ዳይሬክተሩ።

ዳይሬክተሩ ታምራት ይባላል። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል፣ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ በትንሽ ማይክ የሚያዝ ሰው ነው። ተነፈስኩለት። "በጣም ጤነኛ ነሽ፣ ቀንሺው" አለ። ቀነስኩት። "አሁን ደግሞ ሞትሽ፣ ትንሽ ጨምሪ" አለ። እንዲህ ስጨምር ስቀንስ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ሞተችና ሥራዬ አለቀ።

በእኛ ሙያ ማዕረጉ እንዲህ ነው። ከታች ግርግር አለ፤ የገበያ ጫጫታ፣ የሠርግ እልልታ፣ የለቀስተኛ ዋይታ የሚያሰማ ማለት ነው። ከሱ ከፍ ሲል "እራት ቀርቧል፣ እሜቴ" የምትል ባለ አንድ መስመር አለች። ከዚያ ደጋፊ፣ ከዚያ ዋና ገጸ ባሕርይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላን አለ። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ዋናም ግርግርም እኩል ዝም ይላል። ባሏ የሞተባትን ሴት ልቅሶ አጋምሳችሁ የድምፅ ባለሙያችን ሄኖክ እጁን ያነሳና "አውሮፕላን" ይላል። እንባችሁን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ከንፈር ነው። ተርጓሚው "ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄህ ዛሬ እንዲህ ታደርገኛለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር" ብሎ ጽፎ ይሰጠናል። ተዋናይዋ ግን አፏን ሁለቴ ብቻ ከፍታ ትዘጋለች። ታምራት እርሳሱን ከጆሮው ያወርድና ሁሉንም ሰርዞ "ተውከኝ?" ብሎ ይጽፋል። ስንት ትዳር በከንፈር ምክንያት ባጭሩ እንደፈረሰ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

ከግርግር ወጥቼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደህና ሚና የወንድሟን ልጆች በመርዝ የምትጨርስ አክስት ነበረች። ተከታታይ ድራማው በጣም ታየ። አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ "ወራጅ አለ" አልኩ። ታክሲው ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበረች እናት ብስኩት የያዘ ልጇን ብድግ አድርጋ ወደ ማዶ ጉልበቷ አሻገረችው። እኔ ብስኩቱን አልነካሁበትም።

ቀጥሎ ዶክተር ኔርሚንን ሰጡኝ። ኔርሚን በአንድ የኢስታንቡል ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ፣ ፀጉሯ የማይበታተን፣ ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት የሚያምርባት ቀዶ ሐኪም ናት። ድምፄን ለሷ ዝቅ አደረግኩት፣ ትንሽም አረጋጋሁት። ያን ጊዜ ኑሮዬ ተለወጠ። መድኃኒት ቤት ገብቼ የራስ ምታት ኪኒን ስጠይቅ ፋርማሲስቷ ቀና ብላ "ባለ ስንቱ ይሁን፣ ዶክተር?" አለችኝ። እኔም ሳላስበው "ባለ አምስት መቶው ይሻላል" አልኳት። ስንት ጊዜ ተሰልፌ በወጉ ያላዩኝ ሰዎች ወንበር ያቀርቡልኝ ጀመር።

የባሰው እኔም ማመኔ ነው። ታምራት ሲያስነጥስ "ምርመራ አድርገሃል?" እለዋለሁ። የሄኖክን ዓይን ገልብጬ "የደም ማነስ አለብህ" ብዬዋለሁ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ግን በየቀኑ ነጭ ጋውን በለበሰች ሴት አፍ ስትናገሩ ውላችሁ እዩት እስቲ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ሱቅ አለው። እናቱ እማማ ሉባባ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይቀመጣሉ። ከዘይት ጀሪካኖቹ በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ የኔርሚን ሰዓት ሲደርስ የብሎኩ ሴቶች የጨው ጆንያ ላይ ሳይቀር ተቀምጠው ያያሉ። በዚያ ሰዓት ሰይድ ስኳር ሲመዝን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ታዟል።

በድራማው ውስጥ ሴዳ የምትባል የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ቆንጆ፣ የዋህ፣ ከዶክተሮቹ አንዱ የሚወዳት። ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች፣ ማደንዘዣ ወሰደች፣ አልነቃችም። ኔርሚን ከክፍሉ ወጥታ ጭንብሏን ስታወልቅ የተነፈስኩት ትንፋሽ እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ክፍሉ በቴሌቪዥን በታየ ማግስት ስወርድ የሰይድ ሱቅ ዝግ ነበር። ጎረቤቶቹ "እማማ ሉባባ ከፍቷቸዋል" አሉኝ። ለቅሶ ደራሽ ብቻ ነው የቀረው።

ሴዳ የሞተችበትን ምክንያት እኛ ስቱዲዮ ውስጥ እናውቃለን። ተዋናይዋ ሌላ ድራማ ላይ ዋና ሆና ተጠርታ ነው። ደራሲዎቹ እሷን የሚያሰናብቱበት መንገድ ሲያጡ ማደንዘዣ ሰጧት።

ይህ በሆነ ጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ሰይድ በሬን አንኳኳ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

"እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው። የማዘርን አንገት አይተሽዋል አይደል?"

አይቼዋለሁ። እማማ ሉባባ እንቅርት አላቸው። ድሮ በሻሽ ይሸፍኑት ነበር፤ አሁን ግን ሻሹን አልፎ ወጥቷል።

"የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ጋደም ስትል ወላሂ ታንቃ የምትሞት ነው የሚመስለኝ። ካልወጣ አይሆንም አሉ። ሁለቴ ቀጠሮ ሰጧት፣ ሁለቴም ጫማዬ ጠፋ ብላ ቀረች። ጫማውን ሩዝ ጆንያ ውስጥ አገኘሁት።"

"ለምን?"

"'ሴዳን አይቻታለሁ' ትላለች።"

"የሴዳ እኮ ልቧ ነው፣ የሳቸው አንገት ነው።"

"እሱን ለማዘር ንገሪያት" አለኝ ሰይድ። ከዚያ የመጣበትን አወጣ። በኔርሚን ድምፅ ሁለት ቃል እንድነግራቸው ነው የፈለገው። "እኔን አትሰማኝም። ሐኪሙንም አትሰማውም። ኔርሚንን ግን ትሰማለች። እናቴ ናት፣ ሌላ የለኝም" አለና መሬት መሬት አየ።

በማግስቱ ለታምራት ነገርኩት። "የገጸ ባሕርይ ድምፅ ከስቱዲዮ አይወጣም" አለ። "ሴትዮዋ አንድ ነገር ቢሆኑ ኔርሚን ናት ያዘዘችው ሊባል ነው።"

"ኔርሚን እኮ የለችም" አልኩት።

"ለዚህ ነው ፖሊስ አንቺ ጋ የሚመጣው።"

እኔ ግን ሄድኩ። እማማ ሉባባ አልጋቸው ላይ ትራስ ደራርበው ተደግፈው ነበር፤ ሲተነፍሱ ፉጨት የመሰለ ነገር ይሰማል። ያ ድምፅ አስደነገጠኝ። ትንፋሽ ሙያዬ ነው፤ የውሸቱን ከእውነተኛው እለያለሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና በኔርሚን ድምፅ "ወይዘሮ ሉባባ፣ ዛሬ እንዴት ዋሉ?" አልኩ።

አዩኝ። ልጃቸውን አዩ። እንደገና አዩኝና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

"ምነው ልጄ፣ አሞሻል? እኔን አንገቴን እንጂ ራሴን አላመመኝም። የፎቋ ሰብለ መሆንሽን አላውቅም? ትናንት የእኔን ምስር ጠጠር አለው ብለሽ የጮህሽ አንቺ አይደለሽ?" በአገጫቸው ሰይድን ጠቆሙኝ። "ይኸ ነው እንዲህ ያለሽ። እንግሊዝ አገር ያለ ሰውዬ ጎል ሳተ ብሎ እራት የማይበላ ልጅ፣ እኔን ቴሌቪዥን እውነት ይመስላታል ይለኛል!"

ሰይድ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ትራስ ማስተካከል ጀመረ።

እኔም ድምፄን መልሼ ስለ ሴዳ እውነቱን ነገርኳቸው። ሌላ ሥራ አግኝታ እንጂ እንዳልሞተች፣ አሁን ፀጉሯን ቀይ ተቀብታ ሌላ ድራማ ላይ እንደምትጨፍር፣ የልብ መለኪያውን ጢጢታ ሄኖክ ከኮምፒውተሩ አውጥቶ እንደጨመረው።

"አልሐምዱሊላህ፣ እሰይ" አሉ። ደስ አላቸው። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ። "እኔ እኮ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ግን እሷው ናት። ያ መብራት፣ ያ ጭንብል፣ ያ ጢጢ የሚለው ነገር፣ ከዚያ ቀጥ። ውሸት መሆኑን ለእኔ አትንገሪኝ፣ ለዓይኔ ንገሪው።"

"ሐኪሙስ ምን አለዎት?"

"ወረቀት ወረቀቱን እያየ 'ቀላል ነው፣ እማማ' አለኝ። ለሴዳም ቀላል ነው ብለዋት ነበር።"

ያንን "ቀላል ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። ተርጓሚው ስለ አደጋው ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ታምራት ነው ለከንፈሯ ያሳጠረው።

እማማ ሉባባ እጄን ያዙ። "እንግዲያው እሷው ትንገረኝ።"

"ማን?"

"ኔርሚን። እኔ ያየሁት እስክትሞት ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያሳየኝ የለም። ከበሩ ጀምራ ተኝቼ እስክነቃ ድረስ ያለውን ትንገረኝ። አንቺ መሆንሽንማ አውቃለሁ። ግን የአንቺን ድምፅ የማውቀው ከልጄ ጋር ስትጨቃጨቂ ነው። የሷ ሲሆን ሰውነቴ ይረጋል።"

እንደዚህ የጠራ ትእዛዝ ከማንም ዳይሬክተር ደርሶኝ አያውቅም።

ከሰይድ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከድካም ብዛት ቆሞ የሚያንቀላፋ ዓይነት። የመጣንበትን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የማደንዘዣ ባለሙያዋን አስጠራልን። እሷ አንድ በአንድ ነገረችን፤ ምን እንደሚለብሱ፣ መርፌው የት እንደሚገባ፣ ጭንብሉ ምን ምን እንደሚል። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ያዘ። "ሲነቁ ድምፃቸው እንደሚጎረንን ንገሪያቸው። አልፎ አልፎ እንደዚያው የሚቀርበት ሰው እንዳለም ንገሪያቸው። ይህን ካልነገርሽ ሌላውንም አትንገሪ።"

ስክሪፕቱን ራሴ ጻፍኩትና ለታምራት አሳየሁት። "አልኩሽ እኮ፣ አይሆንም" አለ። ግን መጥፎ ጽሑፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። እርሳሱን አወረደ። ሁለተኛው መስመር ላይ "ይሄ ለአፏ ይረዝማል" ሊል ጀመረና ቆመ። ስክሪኑን አየ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። "ለካ ከንፈር የለም" አለ። ዕድሜ ልኩን በሰው አፍ ልክ ሲሰፋ የኖረ ሰው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። የሰረዝኩትን ሳይቀር መልሶ አስገባው።

የተጣላነው በጉርናኔው ጉዳይ ነው። "ይህን አውጪው፣ አድማጭ ያስደነግጣል" አለኝ።

"አድማጭ አይደሉም፣ ታማሚ ናቸው" አልኩት። እንዳለ ገባ።

ቅዳሜ ቀረጽነው። "ወይዘሮ ሉባባ፣ እኔ ኔርሚን ነኝ። ዛሬ የምነግርዎት የራስዎን ክፍል ነው" ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ ይበርዳል፣ አይፍሩት፣ ሁሌም ይበርዳል። መርፌው ይቆነጥጣል። ጭንብሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ስምዎን ይጠይቁዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እርስዎ አይሰሙትም፣ ጢጢታውንም አይሰሙትም፣ እሱ የሐኪሞቹ ነው። ከዚያ አንድ ሰው በስምዎ ይጠራዎታል። ጉሮሮዎ ይከረክርዎታል፣ ውሃ ይጠማዎታል፣ ቶሎ አይሰጡዎትም። የማደንዘዣ ባለሙያውን ድርሻ ታምራት ራሱ ተጫወተው፤ የሱን ድምፅ ቀረጻ ላይ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መሀል ላይ አውሮፕላን መጥቶ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን ጠበቅን። ሄኖክ አጣርቶ በቴሌግራም ለሰይድ ላከለት።

እማማ ሉባባ ሱቁ ውስጥ ስልካቸውን የምስር ጆንያው ላይ አስደግፈው ቀን ከሌት ያዳምጡት ጀመር። እኔ የራሴን ድምፅ መስማት ስለማልወድ በሱቁ ፊት እየሮጥኩ ነበር የማልፈው። ደንበኛው ሁሉ ግን ሰማው። በሳምንቱ የብሎካችን ሰው እንቅርት እንዴት እንደሚወጣ በቃሉ ያውቃል። አንዲት ጎረቤት ደረጃ ላይ አስቁማኝ "የሐሞት ጠጠርስ ክፍል አለው?" አለችኝ። የጉርናኔውን ነገር ስጠይቃቸው እማማ ሉባባ "ያ 'ቀላል ነው' ባዩ ይህን ደብቆኝ ነበር። የከፋውን ከነገረችኝ ሌላውም እውነት ነው" አሉኝ።

የቀጠሮው ቀን ጫማቸውን ራሳቸው አድርገው ወጡ። እኔ ያን ቀን ለሠርግ እልልታ ተመድቤ ነበር። ፈራሁ። እኚህ ሴትዮ አልጋው ላይ ቢቀሩ እዚያ ያስተኛቸው የኔ ድምፅ ነው። ኔርሚን ኢስታንቡል ናት፣ ምንም አትሆንም፤ ሰይድን በየጠዋቱ ሱቅ ውስጥ የማየው እኔ ነኝ። ታምራት "ይሄ እልልታ አይደለም፣ የእሳት አደጋ ጥሪ ነው" እያለ ደጋግሞ አስቆመኝ። በመጨረሻ መስታወቱን አንኳክቶ "ሂጂ ውጪ፣ ስልክሽን ያዢ" አለኝ።

ሰይድ ወደ ማታ ደወለ። "ነቅታለች" አለ። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ይህኛውን ልቅሶ አውሮፕላን አላቋረጠውም። "ግን የሆነ ነገር ተፈጥሮ ነበር፣ ነገ ራሷ ትንገርሽ" ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ ሉባባ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። ፉጨቱ የለም። ድምፃቸው እንደ አሮጌ በር ሆኗል፤ ቢሆንም እኔን ለመቆጣት በቅቷቸዋል።

"ወፉስ?" አሉኝ።

"የምን ወፍ?"

"ሁሉም እንዳልሽው ሆነ። ብርዱም፣ ቁንጥጫውም፣ ፕላስቲኩም። በስሜ ጠሩኝ። ጉሮሮዬ ከረከረኝ፣ ውሃ ከለከሉኝ። ከዚያ ወፍ ይንጫጫል ብዬ ጠበቅኩ። ጭጭ። ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ ወፉ ከቀረ እንግዲያው አልነቃሁም፣ ሞቻለሁ አልኩ። አላህ አንድ ነው ብዬ ሸሃዳዬን ማለት ጀመርኩ። ነጭ የለበሰች ልጅ መጥታ 'እማማ፣ አይዞዎት' አለችኝ። 'አንቺ ከሰማይ የመጣሽ መላኢካ ነሽ?' ስላት 'ኧረ እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ' አለችኝ። መላኢካ ከሱሉልታ አይመጣም ብዬ ነው የተረጋጋሁት።"

ኮሪደር ወጥቼ ሄኖክ ጋ ደወልኩ። "መጨረሻው ላይ ወፍ ጨምረሃል?"

"አዎ፣ ደረቅ ሆነብኝ" አለ። "የጠዋት ስሜት እንዲኖረው ብዬ ነው። ምነው፣ አልወደዱትም?"

አሁን አዲስ የሚገቡትን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ተመልካች ሞኝ ነው፣ ያሉትን ሁሉ ያምናል ብለው ይመጣሉ። ተመልካች ሞኝ አይደለም፤ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ማወቁ ግን ውስጡ እንዳይገባ አያደርገውም፤ የሰማውን ይዞ ነው የሚተኛው፣ ይዞት ነው የሚነሳው። ስለዚህ ማይኩ ፊት ስትቆሙ የሌለ ወፍ አትጨምሩ።